ብራናውንና ወረቀቱን የሚጠብቀው ማን ይሁን? ስለ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ጥበቃ ሥልጠና የተደረገ ምልልስ

ተጠራጣሪ፦ የመጻሕፍትና የመዛግብት ጥበቃ ሥልጠና ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብ ሲነሣ በቅድሚያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ያለ ሠልጣኝና ያለ ቤተ ሙከራ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት ቆዩ የሚል ነው። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌላት ብራናቸው በራዲዮካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ፋቂው ቆዳውን ዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን ፍቆ ብራና ያደርገዋል፤ ጸሐፊው ከጥቀርሻ ባዘጋጀው ቀለም ይጽፍበታል፤ ጠራዡ ሰፍቶ በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ያስገባዋል፤ መጽሐፉም በቆዳ ማኅደር ተከቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከመሬት እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ የሚያርቀው ይህ ሥርዓት የጥበቃ ዕውቀት አይደለምን?

ደጋፊ፦ ዕውቀት ነው፤ ያውም የጥበቃ ትምህርት የሚባለው ነገር ገና ስም ሳይወጣለት የኖረ ዕውቀት ነው። በአብዛኛው ከጥቀርሻ የሚዘጋጀው ጥቁር ቀለም በጠባዩ የረጋ በመሆኑ፣ በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ ይዘጋጅ እንደ ነበረው ቀለም ገጹን እየበላ አይበሳውም፤ ማኅደሩም ብርሃንንና አቧራን ይከለክላል። ነገር ግን በክርክሩ ውስጥ አንድ ስውር ስሕተት አለ። ዛሬ የሚታዩት መጻሕፍት የተረፉት ናቸው፤ በጣሪያ ፍሳሽ የረገፈው፣ በእሳት የነደደው፣ ምስጥ የበላው መጽሐፍ ቀርቦ ሊመሰክር አይችልም። የተረፈውን ብቻ አይቶ ጥበቃው በቂ ነበር ብሎ መደምደም፣ ከዘመቻ የተመለሱትን ብቻ ጠይቆ በዘመቻው የሞተ ሰው የለም እንደ ማለት ይሆናል።

ተጠራጣሪ፦ የጠፋው አይቆጠርም የሚለው ለሁለቱም ወገን የሚያገለግል ክርክር ነው፤ ሥልጠና ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር ለማለትም ማስረጃ አይሆንም። ደግሞስ ምን ተለወጠና ነው የቀድሞው ሥርዓት ዛሬ አይበቃም የሚባለው? ብራናው ያው ብራና፣ ክረምቱም ያው ክረምት ነው።

ደጋፊ፦ ቤቱ ተለውጧል። በሣር ክዳንና በወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ የተሠራ ዕቃ ቤት የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ቅዝቃዜ አለዝቦ ያስገባ ነበር፤ ቆርቆሮ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከሥሩም ጤዛ ያንጠባጥባል። ብራና ኮላጅን ከሚባል የቆዳ ፕሮቲን የተሠራ ስለ ሆነ ከአየሩ ውሃ ይስባል፣ አየሩ ሲደርቅም መልሶ ይሰጣል፤ በዚህም የተነሣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊሸከም ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ ምን ያህሉን እንደ ያዘ በመቶኛ የሚገልጸው ልክ፣ በየቀኑ ሲወጣና ሲወርድ ቅጠሉ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው ሥዕል ግን አብሮት መለጠጥ ስለማይችል ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ልኩ ለረጅም ጊዜ ከ65 ወይም ከ70 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሻጋታ ይነሣል። የመጽሐፉ አኗኗርም ተለውጧል፤ ከማኅደሩ ወጥቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ በብረት ሣጥን ውስጥ የሚቆለፍ መጽሐፍ ከሌባ ይጠበቅ ይሆናል፣ በውስጡ የታመቀው እርጥበት ግን መውጫ ያጣል። ሣጥኑን የገዛው ሰው መጽሐፉን ስለሚወድ ነው የገዛው፤ የጎደለው ፍቅር ሳይሆን ሣጥኑ የሚያስከትለውን የሚነግረው ሰው ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ሁሉ ስለ ብራና ነው። የቤተ መዛግብት ጉዳይ ግን ከዚህ የራቀ አይደለምን? ፋይል በፋይልነቱ ተደርድሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሲፈለግ ከተገኘ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ሥራውን ፈጽሟል።

ደጋፊ፦ እንዲያውም ሥልጠናው ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ለብራና የተወረሰ ልማድ አለ፣ ለዘመናዊ ወረቀት ግን የተወረሰ ልማድ የለም። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ከእንጨት መሠራት ሲጀምርና ቀለም እንዳይሰርግበት በሮዚንና በአሉም ሲታከም፣ በውስጡ አሲድ ይዞ የሚወለድ ሆነ፤ አሲድ ማለት እዚህ ላይ የወረቀቱ ቃጫ የተሠራበትን ሰንሰለት ቀስ በቀስ የሚበጥስ ኬሚካል ነው። ስለዚህ የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገድል ሲገለጥ ሲታጠፍ ይኖራል፣ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚኒስቴር ደብዳቤ ግን በመታጠፊያው ተሰብሮ በእጅ ላይ ይቀራል። በዚህ ላይ በካርቦን የተባዛው ስስ ቅጂ፣ የዛገው የስቴፕለር ሽቦና አግራፍ፣ የተቀደደውን ለመጠገን ተብሎ የተለጠፈው ስኮች፣ በፀሐይ የሚደበዝዘው የማኅተም ቀለም ይጨመራል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ተቋም፣ ከያዛቸው ቅርሶች ውስጥ 12ቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ሲሰፍሩ በዝርዝሩ ውስጥ የብራና መጻሕፍት ብቻ አልነበሩም፤ የነገሥታት ደብዳቤዎችም ነበሩ። የአንድ አገር የውጭ ግንኙነት፣ የርስት ክርክር፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የሠራተኛው ጡረታ የተመሠረተው በወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ሲፈርስ ቁጥሩና ድርድሩ ባዶ ማኅደር ጠባቂ ሆኖ ይቀራል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ ባለሙያ ይሠልጥን ይባል። ግን ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያደረሱት ጥፋት መታወስ አለበት። ዊሊያም ባሮው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ታሪካዊ ሰነዶችን ሴሉሎስ አሲቴት በሚባል ስስ ፕላስቲክ መካከል አስገብቶ በሙቀትና በጫና የማጣበቅ ዘዴ፣ ማለትም ዛሬ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ላሚኔት የሚባለውን የሚመስል አሠራር፣ አስፋፋ። በአገሩ ያሉ ትላልቅ ቤተ መዛግብት ዘዴውን ተቀብለው እስከ 1970ዎቹ ድረስ እጅግ ብዙ ሰነድ አለበሱ፤ በኋላ ግን ፕላስቲኩ ራሱ እያረጀ አሲድ እንደሚያመነጭ፣ ሙቀቱም ወረቀቱን እንደሚጎዳ ታወቀ፤ ሰነዱን ከውስጡ ለማላቀቅም በአሴቶን መንከር ግድ ሆነ። በጊዜው ያንን ያስተማረው ሥልጠና ዘመናዊና ሳይንሳዊ ይባል ነበር። መጽሐፉን ሳይነኩ ከተዉት መነኩሴ ይልቅ በሙሉ ልብ የነካው ሠልጣኝ የበለጠ አበላሽቷል።

ደጋፊ፦ ማስረጃው እውነት ነው፤ ሊቃለልም አይገባም። ነገር ግን ከታሪኩ ግማሹ ቀርቷል። ወረቀት በአሲድ ምክንያት እንደሚፈርስ በሙከራ ካሳዩትና ለዓለም ቤተ መጻሕፍት ማስጠንቀቂያ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ራሱ ባሮው ነበር። ከላሚኔሽኑ ስሕተትም ሙያው አንድ መሠረታዊ ሕግ አጸና፤ ይኸውም በመጽሐፍ ላይ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና ነገ የተሻለ ዕውቀት ያለው ሰው ቢመጣ ያለ ጉዳት ሊፈታው የሚችል መሆን አለበት የሚል ነው። ዛሬ የተቀደደ ገጽ በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ የሚጠገነው ሙጫው በጥቂት እርጥበት ስለሚለቅ ነው፤ ስኮችና ኮላ የሚከለከሉትም ስለማይለቁ ነው። ስለዚህ ሥልጠና ማለት እጅን ማፍጠን ብቻ ሳይሆን እጅን መያዝም ነው። ሙያው ሦስት ነገሮችን ይለያል፦ ጥበቃ የሚባለው ጉዳት እንዳይደርስ ሁኔታዎችን ማስተካከል ነው፤ ጥገና የተጎዳውን ማርጋት ነው፤ ዕድሳት ደግሞ የቀድሞ መልኩን ለመመለስ መሞከር ነው። በደንብ የሠለጠነ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን በመጀመሪያው ላይ ያሳልፋል፣ ሁለተኛውን ሲቸግር ይሠራል፣ ሦስተኛውን ይፈራል። ያልሠለጠነው ግን ብዙ ጊዜ ከዕድሳት ይጀምራል፤ የደበዘዘ ሥዕል በአዲስ ቀለም የሚደምቀውና አሮጌ ገበታ ተጥሎ አዲስ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጠራጣሪ፦ መነኩሴው ሳይነካ በመተዉ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ደጋፊ፦ መጽሐፉን ሳይነካ መተዉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጣሪያውን ሳይነካ መተዉ ግን አይደለም። ይህን ልዩነት በሚገባ ያስተማረው የፍሎሬንስ ጎርፍ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ በብሔራዊ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍቷ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ኅትመቶች በውሃና በጭቃ ተጎዱ። ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጠራዦች እዚያ ሲሠሩ ሁለት ነገር ተገነዘቡ። የመጀመሪያው፣ የቀድሞ ጠራዦች በተለጣጭ ብራና ያለ ሙጫ ብዛት የጠረዟቸው መጻሕፍት ጎርፉን ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ መቋቋማቸው ነበር፤ ክሪስቶፈር ክላርክሰን የተባለው እንግሊዛዊ ባለሙያ ይህን አጥንቶ የጥንቱን አጠራረዝ ለዘመናዊ ጥገና አርአያ አደረገው። ሁለተኛው፣ በዚያ ብዛት የተጎዳን ነገር አንድ በአንድ መጠገን የማይቻል መሆኑ ነበር። በፍሎሬንስ የእንግሊዛውያኑን ቡድን የመራው ፒተር ዋተርስ በኋላ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ጥበቃ የሚባለውን አሠራር ያሳደገው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ትርጉሙም ጠቅላላው ስብስብ በቅድሚያ ይታያል፣ የተጎዳው ሁሉ በልኩ በተሠራ የካርቶን ሣጥን ተከቶ ይረጋጋል፣ ጥገናው ጊዜና ገንዘብ ሲገኝ በተራ ይደርሳል ማለት ነው። ሣጥኑ ደግሞ በሌላ ስሙ ማኅደር ነው። ሳይንሱ ረጅም መንገድ ዞሮ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከቆሙበት ደረሰ፤ ይህ የሚያሳፍር ሳይሆን የሥልጠናው መነሻ ሊሆን የሚገባው ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሐሳቡ ያማረ ነው፤ በተግባር የሚታየው ሥልጠና ግን ሌላ ነው። የአምስት ቀን አውደ ጥናት ይጠራል፣ የውጭ አገር አሠልጣኝ ስላይድ ያሳያል፣ አበል ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ሠልጣኙ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ የጃፓን ወረቀት የለም፣ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የለም፣ የሥራ መደቡም መዝገብ ቤት ሠራተኛ እንጂ የጥበቃ ባለሙያ አይልም። ትንሽ ቆይቶ የተሻለ ደመወዝ ያገኝና ይለቃል። አሠልጣኙ የመከረው አየር ማቀዝቀዣም መብራት በሚጠፋበት ቤት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን የሚቆም መሣሪያ አየሩን ሲያደርቅና ሲያረጥብ ስለሚውል፣ እርስዎ ቀደም ብለው የገለጹትን የብራናውን መለጠጥና መኮማተር ራሱ ያመጣዋል።

ደጋፊ፦ በዚህ ነቀፋ ላይ የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ የለም። የአምስት ቀን ሥልጠና ንቃት ይሰጥ እንደሆነ እንጂ ባለሙያ አያፈራም። ነገር ግን ነቀፋው የሚያፈርሰው አንድ ዓይነት ሥልጠናን ነው። በአፍሪካ ሌላ ዓይነትም ታይቷል። ኢክሮም የተባለው የቅርስ ጥበቃ ጥናት ዓለም አቀፍ ማዕከል ከሰሃራ በታች ላሉ ቤተ መዘክሮች ፕሬማ የሚባል መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 2000 ሲያካሂድ፣ ዓላማው ከጅምሩ ሥልጠናውን ለአፍሪካውያን አስረክቦ መውጣት ነበር፤ ጥቂት ሠልጣኞች ረዘም ላለ ጊዜ ይማራሉ፣ ከእነርሱ ውስጥ አሠልጣኞች ይወጣሉ፣ ትምህርቱም የሚሰጠው በራሳቸው ቤተ መዘክር ባለ እውነተኛ ስብስብ ላይ ነው። ከዚህም በቤኒን ፖርቶ ኖቮ እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ትምህርት ቤት፣ በኬንያ ሞምባሳ ደግሞ በ2000 አንድ ማዕከል ተወለዱ። የአሥራ አራት ዓመት ሥራ ከአምስት ቀን ሥራ ጋር በአንድ ስም ሥልጠና ስለ ተባለ ብቻ በአንድ ሚዛን ሊመዘን አይገባም። ቁሳቁስን በሚመለከትም፣ ከጥበቃ ትምህርት ከፍተኛው ክፍል የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም፤ መደርደሪያን ከግድግዳና ከወለል ማራቅ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃን ማጽዳት፣ አቧራን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ የዛገ ሽቦ ማውጣት፣ ብል የጀመረውን ጥራዝ ለይቶ ማግለል ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። የደጋው አየር ራሱ ሀብት ነው፤ ቀዝቃዛ አየር የወረቀትን እርጅና ስለሚያዘገይ፣ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ መስኮቱ በሥርዓት የሚከፈትና የሚዘጋ ቤት ከተበላሸ ማቀዝቀዣ ይበልጣል። ሠልጣኙ መማር ያለበት መሣሪያውን መግዛት ሳይሆን በቅድሚያ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ አስቀምጦ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ መዝግቦ፣ የገዛ ቤቱን ጠባይ ማወቅ ነው።

ተጠራጣሪ፦ የቤኒንና የኬንያ ምሳሌ የሚያጽናና ነው፤ ሌላ ምሳሌ ግን የሚያሳስብ ነው። በአሜሪካ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት የጥገና ባለሙያዎችን በዲግሪ ደረጃ ያሠለጥን የነበረው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1981 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ፣ ዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤቱን ሲዘጋ በ1992 ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ፣ እዚያም ከዓመታት በኋላ ተቋርጧል። ሀብታም አገር ያልዘለቀበትን ድሀ አገር እንዴት ይዘልቅበታል? ይልቅስ ገንዘቡ በሙሉ ቅጂ በማንሣት ላይ ቢውል አይሻልምን? እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ በሚገኘው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ትብብር የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን የመሳሰሉ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን የሰጡበት ካታሎግም በዚያ ላይ የተሠራ ነው። መጽሐፉ ቢጠፋ ንባቡ ተርፏል።

ደጋፊ፦ ያ ሥራ ለኢትዮጵያ ጥናት ከተደረጉት ታላላቅ ውለታዎች አንዱ ነው፤ ነገር ግን ያተረፈው ንባብን ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም የሥዕሉን ቀለም አያሳይም፤ ፊልምም ሆነ ዲጂታል ቅጂ ብራናው የፍየል ይሁን የበግ፣ ጥራዙ ስንት ጊዜ እንደ ተፈታና እንደ ተሰፋ፣ በየትኛው ገጽ ላይ የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ መጽሐፉ የት እንደ ተነበበ አይናገርም። የአባ ገሪማ ወንጌላት ዕድሜ ሊታወቅ የቻለው ከብራናው ቅንጣት ተወስዶ ስለ ተመረመረ ነው፤ ከፊልም ላይ የሚመረመር ቅንጣት የለም። ቅጂው ራሱም ጠባቂ ይፈልጋል። በአሲቴት ላይ የተሠራ ፊልም በሞቀና በረጠበ ክፍል ሲቀመጥ የኮምጣጤ ሽታ እያወጣ ይኮማተራል፤ ዲጂታል ፋይልም ማስቀመጫው ሳይበላሽና ቅርጸቱ ሳያረጅ በየጊዜው ወደ አዲስ ካልተላለፈ ከብራና ይልቅ ፈጥኖ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ግን ካሜራው ሥር መጽሐፉን የሚገልጠው ሰው አለ። ለዘመናት በጠባብ አንግል ሲገለጥ የኖረን ጥራዝ ፎቶው እንዲጠራ ብሎ ጠፍጥፎ የሚዘረጋ ያልሠለጠነ እጅ፣ ንባቡን ሲያተርፍ አካሉን ይሰብራል። ቅጂ ማንሣት የጥበቃ ሥልጠናን የሚተካ ሥራ ሳይሆን የጥበቃ ሥልጠና ከሚያስፈልጋቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ተጠራጣሪ፦ ይህ ከተባለ ዋናው ችግር ይመጣል። በኢትዮጵያ ውስጥ የሚበዛው ጥንታዊ መጽሐፍ ያለው በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አይደለም፤ በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በሐረር ደግሞ በየቤተሰቡ እጅ ነው። ባለቤቱ ለእንግዳ አይገልጥም፤ ባይገልጥም ምክንያት አለው፣ መጽሐፍ ለማየት መጥቶ መጽሐፍ ይዞ የሄደ እንግዳ በታሪክ ብዙ ነውና። እንዲያውም ሥልጠና ራሱ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። አንድ ሰው የመጽሐፉን ዘመን፣ የሥዕሉን ዓይነት፣ የብርቅነቱን ደረጃ እንዲያውቅ ማሠልጠን ዋጋውንም እንዲያውቅ ማሠልጠን ነው፤ ሳይታወቅ በጨለማ ዕቃ ቤት የተቀመጠው ተጠብቆ፣ ተመዝግቦ የታወቀው ወደ ገበያ ሊወጣ ይችላል።

ደጋፊ፦ ከቀረቡት መቃወሚያዎች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው፤ መልሱም ሥጋቱን ፈጽሞ አያስወግደውም። ሊባል የሚችለው፣ ዋጋውን የሚያውቁ ነጋዴዎች ያለ ሥልጠናም መኖራቸው፣ ያልተመዘገበ መጽሐፍ ደግሞ ከተሰረቀ በኋላ የማን እንደ ነበረ ማስረዳት የማይቻል መሆኑ ነው። ገጹ፣ ልኩ፣ የጎደለው ቅጠል፣ የኅዳግ ጽሑፉ በፎቶ የተያዘ መጽሐፍ በሩቅ አገር ለጨረታ ቢቀርብ እንኳ ባለቤቱ የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። እንግዳን በሚመለከት ግን መፍትሔው እንግዳውን ማሠልጠን ሳይሆን ባለቤቱን ማሠልጠን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሌስተር ኬፖን የተባለው እንግሊዛዊ ጠራዥና ባልደረቦቹ የአባ ገሪማን ወንጌላት ሲጠግኑ መጻሕፍቱ ከገዳሙ አልወጡም፤ መነኮሳቱ ስላልፈቀዱ ባለሙያዎቹ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ገዳሙ ሄዱ። የመነኮሳቱ እምቢታ ሥራውን አላደናቀፈውም፣ መልኩን ሰጠው እንጂ። በሐረርም አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የአገሩን የእጅ ጽሑፎች ሰብስበው ባቋቋሙት ቤተ መዘክር የሐረር ጥንታዊ የመጽሐፍ አጠራረዝ እንደገና ሥራ ላይ እንዲውል አድርገዋል፤ ቤተሰቦች መጽሐፋቸውን የሚያምኑት ለአገራቸው ሰው፣ በአገራቸው አጠራረዝ ለሚጠግን ሰው ነው። የሥልጠናው ዕጩ ተማሪ የት እንደሚፈለግ ይህ ያመለክታል፦ ገበዙ፣ የዕቃ ቤት ጠባቂው፣ የቆሎ ተማሪው፣ ብራና ፋቂው፣ የመስጊድ ትምህርት ቤቱ መምህር፣ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ።

ተጠራጣሪ፦ እነዚህ ሰዎች ከሠለጠኑ ሌላ ግጭት ይነሣል። የጥበቃ ትምህርት መጽሐፉ እንዲያርፍ ይፈልጋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን መጽሐፉ እንዲቀደስበት ትፈልጋለች። ገበዙ በሠለጠነው መሠረት ወንጌሉን ከመቅደስ አውጥቶ በሣጥን ቢዘጋው መጽሐፉን ከተጻፈበት ዓላማ ለየው ማለት ነው፤ በሣጥን ተዘግቶ ሺህ ዓመት ከሚኖር እየተነበበ መቶ ዓመት ቢኖር የሚመርጥ ምእመን ተሳስቷል ሊባል አይችልም።

ደጋፊ፦ አልተሳሳተም፤ ያንን ውሳኔ የመወሰን መብትም የእርሱ እንጂ የአሠልጣኙ አይደለም። ነገር ግን ምርጫው በሁለቱ መካከል ብቻ አይደለም። ቀድሞ መጽሐፍ ሲያረጅ አዲስ ይገለበጥ ነበር፤ አሮጌው የሚያርፈው አዲሱ ሥራውን ስለሚረከበው ነው። ዛሬ አሮጌው እረፍት ያጣው ፋቂውና ጸሐፊው ስለ ቀነሱ ነው፤ የታተመው ቅጂም በየዓመቱ በጠባዩ እየፈረሰ የብራናውን ቦታ ሊሸፍን አልቻለም። ስለዚህ በኢትዮጵያ የሚሰጥ የጥበቃ ሥልጠና ብራና ፍቀትን፣ ቀለም ዝግጅትንና ጥረዛን በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ማስገባት አለበት። ለጥገና የሚሆን ብራና ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ በዚያው አገር ፍየል፣ በዚያው አገር እጅ የተፋቀው ከመጽሐፉ ጋር ይስማማል፤ ለፋቂውም ከቱሪስት ሌላ ገበያ ይሆንለታል።

ተጠራጣሪ፦ በመጨረሻ ወደ ገንዘብ መመለስ ግድ ነው። አንድ ደብር ወይም አንድ የወረዳ መዝገብ ቤት ያለው ገንዘብ ወይ ጣሪያ ለመጠገን ወይ አንድ ሰው ለማሠልጠን ብቻ የሚበቃ ቢሆን፣ የትኛው ይቅደም?

ደጋፊ፦ ጣሪያው ይቅደም።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ክርክሩ አለቀ፤ ጣሪያው እንደሚያፈስ ገበዙ ሳይሠለጥን ያውቃልና። የጎደለው ቆርቆሮ እንጂ ትምህርት አይደለም።

ደጋፊ፦ ጣሪያው ሁልጊዜ ቢጠገን ኖሮ ክርክሩ ያልቅ ነበር። በአብዛኛው ግን ገንዘቡ ሳይገኝ ክረምት ይገባል፣ ውሃውም አንድ ሌሊት በመጻሕፍቱ ላይ ይወርዳል። በዚያ ጠዋት ገበዙ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በረጠበ መጽሐፍ ላይ ሻጋታ ለመነሣት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃዋል። ያልሠለጠነ ሰው መጽሐፉን ከመውደዱ የተነሣ ፈጥኖ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ወይም እሳት ዳር ያስቀምጠዋል፤ የረጠበ ብራና ሙቀት ሲያገኘው ኮላጅኑ ተኮማትሮ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ያን ጊዜም በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊመለስ አይችልም። የሠለጠነው ሰው ያንኑ መጽሐፍ ነፋስ ወደሚያልፍበት ጥላ ይወስዳል፣ ቅጠሎቹን ሳይጎትት ንጹሕ ጨርቅ በመካከላቸው ያስገባል፣ ጨርቁን በየሰዓቱ ይቀይራል፣ ሥዕል ያለበትን ገጽ ምንም ነገር ሳያስነካ ለብቻው ያስቀምጣል፣ ገጹ መድረቅ ሲጀምር ዳር ዳሩን በቀስታ ይዞ እንዳይጨማደድ ያደርጋል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጨርቅ፣ ጥላና ሁለት ረዳቶች ናቸው፤ እነርሱም በየደብሩ አሉ።

ተጠራጣሪ፦ ያንን ለማስተማር ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋልን?

ደጋፊ፦ ገበዙን ለማስተማር አያስፈልግም። ገበዙን የሚያስተምረው ሰው ግን ብራናው ለምን እንደሚኮማተር፣ የትኛው ቀለም በውሃ እንደሚለቅ፣ መቼ እጅን ማንሣትና ባለሙያ መጥራት እንደሚገባ ማወቅ አለበት፤ እርሱን ለማፍራት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል፣ ዓመታቱም ከሚመጣው ክረምት በፊት አይጀመሩም ይሆናል።